ሁለት የዋይፋይ ኮንትሮለሮች ጭነት እንዲጋሩ ማድረግ፦ ከስሌቱ እስከ ፍተሻው

ጎንደር ውስጥ የትልቅ ግቢ ኔትወርክ የሚይዝ ሰው የመብራትን ነገር በደንብ ያውቃል። ይሄዳል፤ ይመጣል። በመጣ ቁጥር መሣሪያዎቹ በየራሳቸው ጊዜ ይነሳሉ። ሁለት የዋይፋይ ኮንትሮለር፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጩትን አክሰስ ፖይንቶች ከአንድ ቦታ የሚያዝ መሣሪያ፣ ባለበት ቦታ ታዲያ ከመብራት መልስ ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር ያሳዝናል። አንዱ ኮንትሮለር አክሰስ ፖይንቶቹን በሙሉ ይዟቸዋል፤ ሌላው ባዶውን ቁጭ ብሏል። ሁለት መሣሪያ ተገዝቶ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ሁለቱም እንዲሠሩ፣ አንዱ ሲወድቅም ሌላው የእሱን ድርሻ እንዲሸከም ለማድረግ ነው። በምሳሌነት የምጠቀመው የሲስኮን ካታሊስት 9800 ቤተሰብ ነው። ትእዛዞቹን በመሣሪያው ላይ የምትጽፏቸው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደሚነበቡ አስቀምጫቸዋለሁ። አክሰስ ፖይንትን ከዚህ በኋላ ኤፒ እላለሁ።

መጀመሪያ የሚምታቱትን እንለይ

«ኮንትሮለሮቻችን እኮ ሁለት ናቸው፤ ጭነቱን ይጋራሉ» የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው በየትኛው ዘዴ እንደተያያዙ ነው። ኤስኤስኦ በሚባለው ዘዴ ከተጣመሩ ጭነት አይጋሩም። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው የሠራተኛውን መረጃ እየተቀበለ ይጠብቃል። ተጠባባቂው አንድም ኤፒ አይዝም። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዛሬው ርዕሳችን አይደለም።

ጭነት መጋራት የምንለው ሁለቱም ኮንትሮለሮች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ኤፒዎች አሉት፤ ለሌላው ኤፒዎች ደግሞ ተጠባባቂ ነው። ሦስተኛው ነገር በኤፒዎች መካከል ተጠቃሚን ማከፋፈል ነው። እሱም «ሎድ ባላንሲንግ» ስለሚባል ከዚህኛው ጋር ይደባለቃል። ወደ መጨረሻው ባጭሩ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 1፦ አንዱ ብቻውን ይችላል ወይ?

አንድ ኮሌጅ እናስብ። ዋናው ግቢ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ሁለተኛው አዘዞ። ሁለቱ በፋይበር ተገናኝተዋል። ፒያሳ 110 ኤፒ አለ፤ አዘዞ 70። በየግቢው አንድ ካታሊስት 9800-ኤል ተቀምጧል። ይህ ሞዴል በመደበኛ አቅሙ 250 ኤፒና 5000 ተጠቃሚ ይይዛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 110 ሲደመር 70፣ 180 ይሆናል። 180 ከ250 ያንሳል። ስለዚህ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሁሉንም መያዝ ይችላል።

አሁን ኮሌጁ አድጎ 300 ኤፒ ኖረው እንበል። ለእያንዳንዱ 150 ይደርሰዋል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም 60 በመቶ ላይ ናቸው፤ ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። አንዱ በወደቀ ቀን ግን 50 ኤፒ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁለት ኮንትሮለር ሲኖር እያንዳንዱን ከግማሽ አቅሙ በላይ መጫን ማለት ሲበላሽ የሚቀበል የለም ማለት ነው። ይህን ስሌት ሳትሠሩ ወደ ቅንብሩ አትግቡ።

የተጠቃሚውንም ቁጥር አስቡ። ተማሪው ስልክ አለው፤ ብዙ ጊዜ ላፕቶፕም ይዟል። በፈተና ሰሞን ከፍተኛውን የተጠቃሚ ቁጥር ከሁለቱም ኮንትሮለር ወስዳችሁ ደምሩት። ድምሩ ከ5000 በታች መሆን አለበት።

ደረጃ 2፦ የትኛው ኤፒ የማን ይሁን?

ከቅንብሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ውሳኔ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ለመሣሪያው ይተውለታል።

ኤፒ ምንም ካልተነገረው ራሱ ይመርጣል። ሲነሳ ኮንትሮለር ይፈልጋል። የሚመልሱለት ኮንትሮለሮች ስንት ኤፒ እንደያዙና አቅማቸው ስንት እንደሆነ አብረው ይነግሩታል። እሱም ከአቅሙ አንጻር ብዙ ቦታ ወደቀረው ይሄዳል። ቁጥሩ እኩል ይመጣል። መልኩ ያምራል።

ችግሩ ቦታው ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ያለው ኤፒ ወደ አንዱ፣ ከጎኑ ያለው ወደ ሌላው፣ ፎቅ ላይ ያለው መልሶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ተማሪው ስልኩን ይዞ ደረጃ በወጣ ቁጥር ኮንትሮለር ይቀይራል። በእያንዳንዱ ቅየራ ሁለቱ ኮንትሮለሮች የእሱን መረጃ ይቀባበላሉ። የሁለቱ ቪላን (ተጠቃሚው የሚገባበት የኔትወርክ ክፍል) የተለያየ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መጀመሪያ የተቀበለው ኮንትሮለር መልሕቅ ሆኖ ይቀራል፤ የተማሪው ዳታ ከአዲሱ ወደ መልሕቁ በመተላለፊያ ቱቦ ይመለሳል። ፒያሳ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ ልጅ ዳታው አዘዞ ደርሶ ይመጣል ማለት ነው። ለፋይበሩም ለልጁም ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ ድንበሩን ሰው ስልክ እያየ በማይሻገርበት ቦታ ላይ አድርጉት። ከፒያሳ አዘዞ በታክሲ ወይም በባጃጅ ነው የሚኬደው። በመሃል ዋይፋዩ ይቋረጣል፤ ማንም ቅር አይለውም። በዚህ ምሳሌ የፒያሳ 110 ኤፒ በሙሉ ለፒያሳ ኮንትሮለር፣ የአዘዞ 70 በሙሉ ለአዘዞ ኮንትሮለር ይሰጣል። እኩል አይደለም፤ እኩል እንዲሆንም አይፈለግም። «አንዱ 61 በመቶ ይዟል፣ ሌላው 39፤ ለምን አልተካፈሉም?» የሚል አለቃ ቢመጣ ምክንያቱን አስረዱት እንጂ ኤፒ አታንቀሳቅሱ።

ግቢያችሁ አንድ ብቻ ከሆነ በሕንፃ ክፈሉ። ይህ ሕንፃ ለአንዱ፣ ያኛው ለሌላው። ሰው ብዙ የሚመላለስባቸው ሁለት ሕንፃዎች፣ ለምሳሌ መማሪያ ክፍሎቹና ካፌው፣ በአንድ ኮንትሮለር ሥር ይሁኑ። አንድን ሕንፃ በፎቅ መክፈል ግን አልመክርም።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ማመሳሰል

ኤፒው አንዱን ለቆ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚጠብቀው ቤት ከተወው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ በኋላ ያስከፍላል።

ከሶፍትዌሩ ጀምሩ። የሁለቱ ስሪት እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ይሁን። የተለያየ ከሆነ ወደ ሌላው የሄደ ኤፒ አዲሱን ስሪት አውርዶ እንደገና ይነሳል። ሲመለስም እንደዚያው። ከፒያሳ 110 ኤፒ በአንድ ጊዜ በፋይበሩ ላይ ሶፍትዌር ሲያወርድ አስቡት።

ቀጥሎ ሰዓት። እዚህ አገር ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። ኤፒውና ኮንትሮለሩ የሚተማመኑት በሰርተፊኬት ነው፤ ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። አንድ ሰው በእጁ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ቢያስገባ፣ ለምሳሌ 2018 ብሎ ቢጽፍ፣ መሣሪያው ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ገና ያልተመረቱ ኤፒዎች ሰርተፊኬታቸው «ገና ያልጸና» ይባልና አይገቡም። በእኛ 2018 ማለት በመሣሪያው 2025 ወይም 2026 ነው። ይህን ሁሉ ለማስቀረት ሁለቱንም ኮንትሮለር ከአንድ የኤንቲፒ (ሰዓት የሚያስተካክል) ሰርቨር ጋር አያይዟቸው። የሰዓት ቀጠናውን ደግሞ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ወደፊት አድርጉት፤ ትእዛዙ «ክሎክ ታይምዞን ኢኤቲ 3» ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የሆነ ነገር በመዝገቡ ላይ 21፡00 ተብሎ ይነበባል። ሌሊት ስልክ ተደውሎላችሁ መዝገብ ስታነቡ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት አትርሱ።

ከዚያ የዋይፋይ ስሞቹ አሉ። በሁለቱም ላይ የፕሮፋይል ስሙ፣ የኔትወርክ ስሙ፣ የደኅንነት ዓይነቱና የይለፍ ቃሉ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያል። ተጠቃሚው የትኛው ቪላን ላይ እንደሚገባ የሚወስኑት የፖሊሲ ፕሮፋይሎችም እንደዚሁ።

የ9800 ልዩ ነገር ታግ ነው፤ ኤፒው የትኛውን ቅንብር እንደሚይዝ የሚናገር መለያ ማለት ነው። እያንዳንዱ ኤፒ የፖሊሲ፣ የሳይትና የአርኤፍ ታግ ይሰጠዋል። የፒያሳ ታጎች በአዘዞ ኮንትሮለር ላይም በተመሳሳይ ስም መኖር አለባቸው፤ የአዘዞዎቹም በፒያሳ ላይ። ኤፒው ታጉን ይዞ እንዲሄድ ደግሞ በሁለቱም ላይ «ኤፒ ታግ ፐርሲስተንሲ ኢኔብል» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ይህ ካልተደረገ ኤፒው ሌላው ጋ ሲደርስ ነባሪውን ታግ ሊይዝ ይችላል። በስክሪን ላይ አረንጓዴ ነው፤ ገብቷል ይላል። የሚያሰራጨው ግን እናንተ ያላሰባችሁትን ነው፤ ተጠቃሚውም በማይሠራ ቪላን ላይ ይወድቃል። እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ክፉ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ስህተት ብሎ አያሳያችሁም። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ታግ የተቀየረበት ኤፒ ለአፍታ ይለያይና እንደገና ይገናኛል። በሥራ ሰዓት አታድርጉት።

ከኮንትሮለሮቹ ውጭ ያሉትን ሁለት ነገሮችም ተመልከቱ። በተጠቃሚ ስም የምታስገቡ ከሆነ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚያረጋግጠው የራዲየስ ሰርቨር የሁለቱንም ኮንትሮለሮች አድራሻ ማወቅ አለበት። አንዱን ብቻ ካወቀ፣ ውድቀት በመጣ ቀን ኤፒዎቹ በሙሉ ተሻግረው ሰው ግን መግባት አይችልም። ሌላው ዲኤችሲፒ፣ ማለትም የአይፒ አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት ነው። የፒያሳ ተማሪዎች ወደ አዘዞ ኮንትሮለር ሲሻገሩ አድራሻ የሚያገኙት ከአዘዞ ቪላን ነው። ለ70 ኤፒ ተማሪ የተበጀ የአድራሻ ክምችት ለ180 ኤፒ ተማሪ አይበቃም። ከአሁኑ አስፉት።

ደረጃ 4፦ ኮንትሮለሮቹን ማስተዋወቅ

ሁለቱን በአንድ የሞቢሊቲ ቡድን ውስጥ አስገቧቸው፤ ተጠቃሚ ሲሻገር መረጃውን የሚቀባበሉበት ቡድን ነው። «ኮንፊገሬሽን»፣ ከዚያ «ዋየርለስ»፣ ከዚያ «ሞቢሊቲ» በሚለው መንገድ ሂዱ። የቡድኑ ስም በሁለቱም አንድ ይሁን። ከዚያ ፒያሳ ላይ የአዘዞን ማክ አድራሻ፣ አይፒና የቡድን ስም መዝግቡ፤ አዘዞ ላይ የፒያሳን። የምታስገቡት ማክ አድራሻ በሞቢሊቲው ገጽ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ከሳጥኑ ጀርባ የተለጠፈውን አይደለም። ከሁለቱ አንዱ በቨርቹዋል ማሽን የሚሠራው 9800-ሲኤል ከሆነ የሰርተፊኬቱን ሃሽ ጭምር ይጠይቃል።

በመሃል ፋየርዎል ካለ አራት የዩዲፒ ፖርቶች ክፍት ይሁኑ። 5246 እና 5247 በኤፒና በኮንትሮለር መካከል ላለው የካፕዋፕ ግንኙነት ናቸው፤ የመጀመሪያው ለቁጥጥር፣ ሁለተኛው ለዳታ። 16666 እና 16667 በኮንትሮለሮቹ መካከል ነው፤ እሱም በዚያው ቅደም ተከተል። ካፕዋፕ በ2009 መስፈርት ሆኖ የወጣ ፕሮቶኮል ስለሆነ በሌሎች አምራቾች ዕቃም ላይ 5246 እና 5247ን ታገኛላችሁ።

ደረጃ 5፦ ኤፒው ሁለቱን እንዲያገኛቸው

ከሳጥኑ የወጣ አዲስ ኤፒ ማንንም አያውቅም። የሚያሳውቀው ዲኤችሲፒው ነው። በኤፒዎቹ የአድራሻ ክምችት ላይ አማራጭ 43ን ጨምሩ። አጻጻፉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ኤፍ1፣ ቀጥሎ ርዝመቱ፣ ቀጥሎ አድራሻዎቹ በሄክሳዴሲማል። ርዝመቱ ለአንድ ኮንትሮለር 04፣ ለሁለት 08 ነው።

የፒያሳው 10.20.5.17፣ የአዘዞው 10.40.5.17 ቢሆን እንዲህ ይመጣል፦

ኤፍ1 08 0ኤ 14 05 11 0ኤ 28 05 11

ሁለተኛ ኮንትሮለር ሲጨመር ብዙ ሰው አድራሻውን ይጨምርና ርዝመቱን 04 ላይ ይተወዋል። ያን ጊዜ ሁለተኛው አድራሻ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ደረጃ 6፦ ቀዳሚና ተጠባባቂ መስጠት

አሁን በደረጃ 2 የወሰናችሁትን ትጽፋላችሁ። «ኮንፊገሬሽን»፣ «ዋየርለስ»፣ «አክሰስ ፖይንትስ» ግቡ። አንዱን ኤፒ ስትከፍቱ «ሃይ አቬይላቢሊቲ» የሚል ትር አለ። እዚያ የቀዳሚውን ኮንትሮለር ስምና አይፒ፣ ቀጥሎ የተጠባባቂውን አስገቡ። ለፒያሳ ኤፒ ቀዳሚው ፒያሳ፣ ተጠባባቂው አዘዞ ነው። ለአዘዞው ግልባጩ።

ስሙ የኮንትሮለሩ ራሱ ስም ነው። ፊደሉ በትልቅ ከተጻፈ በትልቅ፣ በትንሽ ከተጻፈ በትንሽ። ባትጽፉት ይሻላል፤ ከመሣሪያው ቀድታችሁ ለጥፉት።

180 ኤፒ አንድ በአንድ መክፈት አያስፈልግም። በትእዛዝ መስመር «ኤፒ ኔም» ብላችሁ የኤፒውን ስም፣ ከዚያ «ኮንትሮለር ፕራይመሪ» ብላችሁ የኮንትሮለሩን ስምና አይፒ የሚይዝ መስመር አለ። ተጠባባቂውም «ሰከንደሪ» በሚል ይጻፋል። የኤፒዎቹን ስም በኤክሴል ደርድራችሁ መስመሮቹን አዘጋጁና በሃያ በሃያው እየለጠፋችሁ ሂዱ። የኤፒዎቹ ስም ከግቢውና ከሕንፃው ስም የሚጀምር ከሆነ ይህ ሥራ በጣም ይቀላል።

ጠቅላላው ቁጥር ከአንዱ አቅም የሚበልጥባችሁ ከሆነ ለኤፒዎቹ ቅድሚያ ስጡ። አራት እርከን አለ፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛና እጅግ አስፈላጊ። ሁሉም ሲጀመር ዝቅተኛ ነው። ተቀባዩ ኮንትሮለር ሞልቶ ከፍ ያለ ቅድሚያ ያለው ኤፒ ሲመጣ ዝቅተኛውን ያስወጣለታል። ሬጅስትራሩን፣ ክሊኒኩንና የፈተና አዳራሹን ከፍ አድርጓቸው። በቀድሞው የሲስኮ ኮንትሮለር ሶፍትዌር በኤርኦኤስ ላይ ያላችሁ ደግሞ ይህ ነገር በጠቅላላ ቅንብሩም መከፈት እንዳለበት አትርሱ።

የሁዋዌ ኮንትሮለር ያላችሁም ሐሳቡ ያው ነው። እዚያ ቅድሚያው በቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቅድሚያው ይበልጣል።

ደረጃ 7፦ ወደ ቤት መመለስና የልብ ምት

«ፎልባክ» የሚባለው ቅንብር ቀዳሚው ኮንትሮለር ሲነሳ ኤፒው ወደ እሱ እንዲመለስ ያደርጋል። የምታገኙት በኤፒ ጆይን ፕሮፋይሉ ውስጥ፣ «ካፕዋፕ» በሚለው ሥር ነው።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የመብራት ነገር መልሱ እዚህ አለ። መብራት ሲመጣ አዘዞ ያለው ኮንትሮለር ቀድሞ ቢነሳ፣ የፒያሳ ኤፒዎች ቀዳሚያቸውን ያጡና ወደ አዘዞ ይሄዳሉ። ፎልባክ ከተዘጋ፣ ፒያሳ ቢነሳም እዚያው ይቀራሉ። የሚጠራቸው የለም።

ታዲያ ሁልጊዜ ይከፈት? እኔ የምለው ኮንትሮለሩ ደህና ዩፒኤስ ካለው ይከፈት ነው። ከሌለው መብራቱ በሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቆራረጥ ኤፒዎቹ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ፤ በእያንዳንዱ ጉዞ ሰው ይቋረጣል። እንዲህ ከሆነ ፎልባኩን ዝጉትና መብራቱ ሲረጋ ማታ ራሳችሁ መልሷቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኮንትሮለሩንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ስዊች በዩፒኤስ ላይ ማድረግ ነው። ስዊቹን ትቶ ኮንትሮለሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ የሰካ ቦታ ብዙ አይቻለሁ። ስዊቹ ከጠፋ ኮንትሮለሩ ቢበራም ለኤፒው የለም። ሁለቱን ኮንትሮለሮች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዩፒኤስ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው፤ አብረው ይወድቃሉ።

የልብ ምቱን በተመለከተ፣ ኤፒው ኮንትሮለሩ መኖሩን በየ30 ሰከንዱ ይጠይቃል። መልስ ካጣ በሦስት ሰከንድ ልዩነት ደጋግሞ ይሞክርና ይተወዋል። ከዚያ ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል። ፈጣን የልብ ምት የሚል አማራጭም አለ፤ ከ1 እስከ 10 ሰከንድ ይወርዳል። በአንድ ግቢ ውስጥ ባለ ጥሩ ገመድ ላይ ምንም አይልም። በከተማው አቋርጦ በሚሄድ ፋይበር ላይ ግን አትቸኩሉ። ቅንጣት ያህል መቆራረጥ ኤፒዎቹን ያሸሻቸዋል።

ፋይበሩ ራሱ ቢቆረጥስ? ሁለቱም ኮንትሮለር በሕይወት አሉ፤ እያንዳንዱ ግቢ በራሱ ይሠራል። ድንበሩን በግቢ ማድረግ ሌላው ጥቅሙ ይህ ነው። የአዘዞ ኤፒዎች ፒያሳ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ቆፋሪው ገመዱን በነካ ቀን አዘዞ በሙሉ ይጠፋ ነበር። ሌላው ግቢ ተጠባባቂ ሆኖ እንዲያገለግል ደግሞ የመንገዱን መዘግየት በፒንግ ለኩ። ኤፒው በሎካል ሞድ (የተጠቃሚው ዳታ በኮንትሮለሩ በኩል በሚያልፍበት) ከሆነ ደርሶ መልሱ ከ20 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመከራል። ከበለጠ ፍሌክስ ኮኔክትን፣ ማለትም ዳታው በኮንትሮለሩ ሳያልፍ እዚያው ግቢ የሚወጣበትን ሞድ አስቡ።

ደረጃ 8፦ ፍተሻው

ጽፎ ማስቀመጥ ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። መጀመሪያ በሰላሙ ጊዜ ያለውን እዩ።

«ሾው ዋየርለስ ሞቢሊቲ ሰመሪ» በሉ። በሁለቱም ኮንትሮለር ላይ የሌላው ሁኔታ «አፕ» ማለት አለበት። «ኮንትሮል ፓዝ ዳውን» ካለ 16666ን፣ «ዳታ ፓዝ ዳውን» ካለ 16667ንና በመንገዱ ላይ ያለውን የፓኬት መጠን ገደብ ፈትሹ። አንዱ ላይ አፕ፣ ሌላው ላይ ዳውን ካለ ብዙ ጊዜ ማክ አድራሻ ወይም የቡድን ስም ላይ የፊደል ስህተት አለ።

«ሾው ኤፒ ሰመሪ» የኤፒዎቹን ቁጥርና ዝርዝር ይሰጣችኋል። ፒያሳ ላይ 110፣ አዘዞ ላይ 70 መሆኑን እዩ። ቁጥሩ ብቻ አያሳምናችሁ፤ ስሞቹንም ተመልከቱ። ሁለት የአዘዞ ኤፒ ፒያሳ ላይ፣ ሁለት የፒያሳ አዘዞ ላይ ቢኖሩ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቦታው ግን ስህተት ነው። ከዚያ «ሾው ኤፒ ታግ ሰመሪ» ብላችሁ ሁሉም የራሱን ታግ መያዙን አረጋግጡ። በየሕንፃው አንድ ኤፒ መርጣችሁ «ሾው ኤፒ ኔም»፣ ስሙን፣ «ኮንፊግ ጄኔራል» በሉና ቀዳሚና ተጠባባቂው በትክክል መግባቱን አንብቡ።

ቀጥሎ አንድ ኤፒ ብቻ አንቀሳቅሱ። ከቢሮአችሁ አጠገብ ያለውን ምረጡ። ቀዳሚውን ወደ አዘዞ ቀይሩና አስነሱት። አዘዞ ላይ ሲታይ በስልካችሁ ግቡበት። ስሙ ይታያል? ይገባል? አድራሻ ያገኛል? ድረ ገጽ ይከፍታል? አራቱም «አዎ» ከሆኑ ታጉ፣ ራዲየሱና ዲኤችሲፒው ደህና ናቸው። ከዚያ ወደ ቦታው መልሱት።

አሁን ትልቁ ፈተና። አንዱን ኮንትሮለር መጣል አለባችሁ። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ለአለቃችሁና ለጥበቃው አሳውቃችሁ አድርጉት። ሰነፍ መስሎ የሚታየው መንገድ የተሻለ ነው፤ የኮንትሮለሩን ኃይል አትንቀሉ፣ ስዊቹ ላይ ያለውን ፖርቱን ዝጉት። ለኤፒዎቹ ያው ነው፤ ለመሣሪያው ግን የዋህ ነው፣ መመለሱም ፈጣን ነው።

ከመዝጋታችሁ በፊት የሁለቱን የኤፒና የተጠቃሚ ቁጥር ጻፉ፤ የተጠቃሚው በ«ሾው ዋየርለስ ክላየንት ሰመሪ» ይገኛል። አንድ ላፕቶፕ ከፒያሳ ዋይፋይ ጋር አያይዙና ፒንግ እያደረገ ይቆይ። ፖርቱን ዝጉ። ሰዓቱን መዝግቡ። አዘዞ ላይ ቁጥሩ ከ70 እየወጣ ይሄዳል። 180 እስኪደርስ ጠብቁ። ፒንጉ ስንት ሰከንድ እንደተቋረጠም ጻፉ።

180 ካልደረሰ ያልመጡትን ለዩ። «ሾው ዋየርለስ ስታትስ ኤፒ ጆይን ሰመሪ» እያንዳንዱ ኤፒ ለምን እንዳልገባ ወይም ለምን እንደወጣ ምክንያቱን ይጽፋል። የሰርተፊኬት ስህተት ካለ ሰዓቱን፣ ሶፍትዌር እያወረደ ከሆነ ስሪቱን፣ ስሙ ጭራሽ ከሌለ የተጠባባቂውን ስምና አይፒ ወይም 5246ን ተመልከቱ።

ፖርቱን መልሳችሁ ክፈቱ። አሁን መመለሱን ጠብቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደክሞት ይሄዳል፤ ጠዋት ሲመጣ ፒያሳ ባዶ ነው። 110 እስኪመለሱ አትነሱ። በሌላ ቀን ደግሞ አዘዞን ጣሉ። አንዱን አቅጣጫ ፈትኖ ሌላውን መገመት አይቻልም፤ የሁለቱ ቅንብር የተለያየ እጅ የጻፈው ሊሆን ይችላል።

ተጠቃሚን በኤፒዎች መካከል ማከፋፈል

ይህ ለብዙ ግቢ አያስፈልግም። ሰው በአንድ ቦታ ሲታጨቅ ግን ይጠቅማል። ጎንደር ላይ ለጥምቀት ከጥር 10 ጀምሮ ሆቴሎች ይሞላሉ። እንግዳው ሁሉ በረንዳና ምግብ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ አንዱ ኤፒ ይጨናነቃል፣ ከጎኑ ያለው ያንቀላፋል። በዋይፋይ ስሙ ቅንብር ውስጥ «ሎድ ባላንስ» የሚለውን ስትከፍቱ የተጨናነቀው ኤፒ አዲስ ለሚመጣ ስልክ «ሞልቻለሁ» የሚል መልስ ይሰጣል፤ በ802.11 ቋንቋ የሁኔታ ኮድ 17 ነው። ስልኩ ሌላውን ይሞክራል። ነባሪው ልዩነት 5 ተጠቃሚ፣ እምቢታው 3 ጊዜ ነው። ከሦስት እምቢታ በኋላ ያስገባዋል። የድምፅ ጥሪ በሚሄድበት ዋይፋይ ላይ አትክፈቱት፤ ጥሪው ይንተባተባል። ደግሞም የሚሠራው በአንድ ኮንትሮለር ሥር ባሉ ኤፒዎች መካከል ነው። ጎረቤት ኤፒዎችን ለሁለት ኮንትሮለር ያከፋፈለ ሰው ይህንንም ያጣዋል።

የፍተሻውን ወረቀት፣ ማለትም ከመዝጋት በፊት፣ በኋላና ከመመለስ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች፣ ከኮንትሮለሩ ራክ ላይ ለጥፉት። ሶፍትዌር በቀየራችሁ፣ አዲስ የዋይፋይ ስም በጨመራችሁ ወይም አዲስ ሕንፃ በተገናኘ ቁጥር ደረጃ 8ን ከመጀመሪያው ድገሙት። የዋይፋይ ስም መጨመር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አንዱ ላይ ተጨምሮ ሌላው ላይ የሚረሳው ግን በአብዛኛው እሱ ነው።